የቢትኮይን ማሽኖች ሲሞቱ የት ይቀበራሉ?

ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል

ጉዳዩ፦ የዳታ ማይኒንግ ማሽኖች (ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያመርቱት) ሲያረጁ ወዴት እንደሚሄዱ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብትሆን ነው። ከጠረጴዛዬ ሥር አፏ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለች። የሞተ ቦርድ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ የተበጠሰ የቻርጀር ገመድ እሷ ውስጥ ይገባል። ያበጠ ባትሪ ግን እዚያ አላስገባም። አሸዋ ያለበት የወተት ጣሳ ውስጥ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። አንዴ ስፈታው ተቀጣጥሎ ቅንድቤን ስለላጨኝ ትምህርቴን ወስጃለሁ።

ኢንተርኔት አየር ላይ ያለ፣ ክብደት የሌለው ነገር ይመስለናል። እኔ ግን የማውቀው በኪሎ ነው። ቪዲዮው፣ ቻቱ፣ የሞባይል ገንዘቡ፣ ሁሉም የሚሠራበት ዕቃ መጨረሻው ይቺ ጀሪካን ናት። በሁለት ወር አንዴ ትሞላለች።

ስትሞላ የሚያነሳልኝ ቆራሌ ነው። ወጣት ልጅ ነው፤ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል። «ጋሼ፣ ቦርድ የለም ዛሬ?» ይለኛል። ጀሪካኗን በአንድ እጁ ነቅነቅ አድርጎ ዋጋ ይጠራል። እጁ ከሚዛን አያንስም።

አንድ ቀን «ይኼን ሁሉ የት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ምናለሽ ተራ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚሸጠው ይሸጣል። የማይሸጠው ይጣላል። ሽቦው ይቃጠላል።»

እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። ሲቃጠልም በዓይኔ አይቻለሁ። እሁድ ጠዋት ነው፣ ወንዝ ዳር። አራት ልጆች የገመድ ክምር ሥር የጎማ ቁራጭ ለኩሰው ከበው ቆመዋል። ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ አንዴ ከገባ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ላስቲኩ ነዶ ሲያልቅ ቀዩ መዳብ ብቻ ቀረ። አንደኛው ልጅ በእንጨት ጎትቶ ወንዙ ውስጥ ነከረው። ጢስስ አለ። ከዚያ ታች፣ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሰላጣ የተተከለበት ማሳ አለ። የገመድ ላስቲክ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ እንደሚወጣ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እስከዚህ ድረስ የሞባይል ነገር ነው። ይኼን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሞባይል አይደለም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ልጅ ሱቄ መጣ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የዳታ ማይኒንግ ጣቢያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ቴክኒሽያን ነው። ፌስታሉን ከፍቶ አንድ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመ። ርዝመቱ የክንዴን ያህል ነው። ፊትና ጀርባው በአሉሚኒየም ክንፍ ተሸፍኗል። በክንፎቹ መሃል አጮልቄ ሳይ ተመሳሳይ ትናንሽ ቺፖች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አሰልቺ ቦርድ አይቼ አላውቅም። ስልክ ውስጥ ካሜራው፣ ድምፁ፣ ኔትወርኩ፣ ቻርጁ የየራሱ ቺፕ አለው። ይኼ ግን አንድ ቺፕ ብቻ ነው፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ።

«ሃሽ ቦርድ ነው ጋሼ። አንድ ማሽን ውስጥ ሦስት አለ። ይሠራ ይሆን?»

ካውያዬን ለኩሼ አንድ ሰዓት ታገልኩት። አልሠራም። አሉሚኒየሙ ቺፑ ላይ ስለተጣበቀ አንዱን ለማውጣት ጎረቤቱን ማጥፋት ነው። ተስፋ ቆርጬ መለስኩለትና እንዲህ የሞተ ብዙ እንዳላቸው ጠየቅኩት።

«አንዱ ጥግ ተደርድሯል። ፋኑና ፓወር ሰፕላዩ ለሌላ ይፈታል። ቦርዱ እዚያው ነው።»

«እስከ መቼ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ጥያቄውን ወደ እናንተ አዞርኩት።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል፤ ይኼን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና። የቢትኮይን ማሽን አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል። ቁጥር ይገምታል። በሰከንድ በትሪሊዮን የሚቆጠር ግምት ይሞክራል። መጀመሪያ ያገኘው ይሸለማል፣ የቀረው ባዶ እጁን ይቀራል፣ ከዚያ ደግሞ ከሀ ይጀመራል። ሲያረጅ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር አይሆንም። ለባንክም አይሆንም። ጽሑፍ እንኳ መጻፍ አይችልም። አሮጌ ላፕቶፕ ተጠርጎ ለሌላ ሰው ይደርሳል፤ ይኼ ግን ከግምት ሥራው ከወጣ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ኤሌክትሪክ የሚበላው ደግሞ እንደ ጉድ ነው። በብዛት ከሚታወቁት ማሽኖች አንዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀን ከሌት ሳይነቀል ተጥዷል ማለት ነው። እንጀራ ግን የለም።

እነዚህ ማሽኖች ወደ እኛ እንዴት እንደመጡ ታውቃላችሁ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ከለከለች። ማይነሮቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ። ከመጀመሪያ ማረፊያዎቻቸው አንዷ ካዛክስታን ነበረች። አገሪቱ ባንድ ጊዜ ከዓለም ሁለተኛዋ የማይኒንግ አገር ሆነች፤ የብርዱ ወራት ሲገባ መብራቱ አልበቃ አለ፤ በጥር 2022 ከመስመር አወጧቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላ አገር። ከማረፊያዎቹ አንዷ እኛ ሆንን። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በርካታ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ በዶላር መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የሚሸጥ ትርፍ ኃይል እያለቀ ስለሆነ አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ ተናገረ።

ሽያጩን አልቃወምም። ሰው እንዳይሳሳትብኝ። እኔም 8100 ላይ መልእክት የላክሁ ሰው ነኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሱቄን ዘግቼ ነው ያየሁት። 5,150 ሜጋዋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ በአንዲት ሶኬት ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዶላር እንደሚያስፈልገንም ገብቶኛል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት ሳያይ የመጀመሪያው ምጣድ ለማሽን መጣዱ ቅር ያሰኛል፤ እሱን ግን ሌሎች በደንብ ተከራክረውበታል፣ እኔ አልገባበትም።

እኔን የሚከነክነኝ «አረንጓዴ ነው» የሚባለው ነገር ነው። ከውኃ የሚመነጭ መብራት ነው፤ ስለዚህ ጭስ የለውም፣ ስለዚህ አካባቢን አይጎዳም ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። የሌላ አገር ማይነር የድንጋይ ከሰል ሲያነድ የኛ የዓባይን ውኃ ነው የሚጠቀመው። ግን ጭስ ስለሌለ ቆሻሻ የለም ማለት አይደለም። የኛ ጭስ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ማሽኑ ሲሠራ አይደለም፣ ማሽኑ ሲሞት ነው። ያውም ወንዝ ዳር፣ የጎማ ቁራጭ ሥር።

ሒሳቡን በስልኬ ካልኩሌተር ሠራሁት። 100 ሜጋዋት ውሰዱ። እያንዳንዱ ማሽን 3.3 ኪሎዋት ይበላል ብንል 30 ሺህ ገደማ ማሽን ይሆናል። አንዱ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 420 ቶን መጣ። ወይም 4,200 ኩንታል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ከጫነ 84 ምልልስ ነው። ይኼ ለ100 ሜጋዋት ብቻ ነው፤ አገራችን ለማይኒንግ የሰጠችው ኃይል ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ቀሪውን እናንተ አባዙት። የእኔ ጀሪካን አፍራ ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች።

ዕድሜያቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት የማሽኖቹን አማካይ ዕድሜ 1.3 ዓመት ገደማ ብሎ ነበር። ማይነሮቹ ተቆጥተዋል፤ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል ይላሉ። እኔ በባለሙያ ዓይን ስገምት እውነቱ መሃል ላይ ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር አስቡ። ማሽን የሚሞተው ሲቃጠል ብቻ አይደለም። አክሳሪ ሲሆንም ይሞታል። የቢትኮይን ሽልማት በአራት ዓመት አንዴ በግማሽ ይቀንሳል። በሚያዝያ 2024 ከ6.25 ወደ 3.125 ወርዷል። ያን ቀን መብራት ውድ በሆነበት አገር ብዙ ማሽን ባንድ ሌሊት አክሳሪ ሆነ። አክሳሪው ማሽን ወዴት ይሄዳል? መብራት ርካሽ ወደሆነበት። ማለትም ወደ እኛ። እኛ ጋ የሚመጣው ማሽን እንግዲህ ሌላ ቦታ ጉልበቱን ጨርሶ ለጡረታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ቅነሳ እ.ኤ.አ. በ2028 አካባቢ ነው። ከኛ የባሰ ርካሽ መብራት ካልተገኘ የመጨረሻው ፌርማታ እኛ ነን።

ማይነር እንደ ካዛክስታኑ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ወይም ውል ሲያልቅ ይነሳል። የሚሠራውን ማሽን ጭኖ ይሄዳል። የሞተውን ለምን ይጭናል? የጭነት ኪራይ የሚያወጣ ነገር የለውማ።

እንግዲህ ያ ክምር በቆራሌ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አሉሚኒየሙ ገንዘብ ነው። የፓወር ሰፕላዩ መዳብ ገንዘብ ነው። ሳጥኑ ገንዘብ ነው። ቦርዱ ራሱ ግን እዚህ አገር የሚቀልጥበት ቦታ ስለሌለ ዋጋው ትንሽ ነው። አሉሚኒየሙ ደግሞ ቺፑ ላይ ተጣብቋል። እኔ በካውያ አንድ ሰዓት የታገልኩትን ልጆቹ በእሳት በአምስት ደቂቃ ያላቅቁታል። ብረቱ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ጭሱ ሳንባቸው ውስጥ ይቀራል። የከሰለው ቦርድ ከነብየዳው ወደ ቆሼ ወይም ወደ ቅርቡ ገደል።

ቆሼን ያነሳሁት በዋዛ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው በላ። ከዚያ በፊት ተራራው በየዓመቱ ሲያድግ ሁላችንም እያየነው ነበር። በአውቶቡስ ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን ነበር፣ ያው።

በዓለም ደረጃም ነገሩ እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ያመረተችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነው። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የዓለም ዳታ ሴንተሮች በ2024 የበሉት መብራት ደግሞ 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ሆኗል። የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታሰበው 15.7 አካባቢ ነው። 26 ሕዳሴ በሉት። ይኼን የምለው እኛ ብቻ ጥፋተኛ እንዳልሆንን ለማሳየት ነው። ፈረንጆቹ አንዳንዴ «አሮጌ ኢሜይላችሁን ሰርዙ፣ አካባቢን ታደጉ» የሚል ምክር ያዞራሉ። እኔ አልሰማቸውም። የአንድ ስልክ ካርቦን ከሦስት አራተኛው በላይ የሚወጣው ገና ፋብሪካ እያለ፣ ኪሳችን ሳይገባ ነው። አንድ ስልክ ቻርጅ መቀበያውን ቀይሬ ሁለት ዓመት ባቆየው፣ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ኢሜይል ቢሰርዝ አይደርስብኝም። (ለሙያዬ አዳላሁ፤ ይቅርታ።)

ወደ ሕጉ ልምጣ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ማንበብ እችላለሁ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። የግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010ም አለ። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ነን። በዚህ ስምምነት መሠረት ከጥር 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛም ይሁን አይሁን፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ ድንበር አይሻገርም። የባማኮ ስምምነትም አለ፤ እሱማ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ጭራሽ ይከለክላል። ሕግ አላጣንም።

ችግሩ ማሽኑ ሲገባ ቆሻሻ አለመሆኑ ነው። ዕቃ ተብሎ ይገባል፣ ቀረጥ ይታሰብበታል፣ መብራት ይሰካል። ቆሻሻ የሚሆነው እዚሁ እኛ ጋ ነው። ያኔ ደግሞ አስወጡት ቢባል በባዝል ወረቀት ነው የሚወጣው፣ በገንዘብ ነው የሚወጣው። ባለቤቱ ሄዷል። ከፋዩ ማን ነው?

ስለዚህ የምለምነው ይኼን ነው። ከሁሉ በፊት የመውጫ መያዣ ይኑር። ማይነሮቹ መብራቱን በዶላር ይከፍላሉ አይደል? ለያንዳንዱ ማሽን፣ በኪሎ ተሰልቶ፣ ማስወገጃው የሚያወጣውን ያህል በዶላር ዝግ ሒሳብ ውስጥ ያስቀምጡ። ማሽኑን ይዘው ሲወጡ፣ ወይም በሕጋዊ መንገድ ማስወገዳቸውን ሲያሳዩ ይመለስላቸው። ጥለውት ከሄዱ እኛ በዚያው ገንዘብ እናነሳዋለን። ቤት አከራይ እንኳ ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት መያዣ ይቀበላል። ይኼ አሁን፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ባለቤቱም እዚሁ እያለ የሚደረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ያውም በቁሙ።

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በግልባጭ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። መያዣውን ለማስገባት አዲስ አዋጅ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ውሉ በእነሱ እጅ ነው። ውል ሲታደስ አንድ አንቀጽ ትጨመር። እንቢ ያለ ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ ያውቃሉ።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ስንት ማሽን ገባ? ክብደቱ ስንት ነው? ስንቱ አዲስ፣ ስንቱ አሮጌ? ለጣቢያዎቹ የተሠራ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ካለ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡልን። ውስጡ «የአገልግሎት ዘመን ማብቂያ» የሚል ምዕራፍ ካለ ደስ ብሎኝ ይኼን ደብዳቤ አነሳለሁ።

ለእኛ ለጠጋኞችም ትንሽ ነገር። አምና 40 ኪሎ የሚሆን የሞተ ባትሪ ጎረቤቶቼ ጋር አጠራቅመን በሕግ ለማስረከብ ተነሳን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። ሁለተኛው «ይኼ የእኛ አይደለም» አለን። ሦስተኛው ጋ ጥበቃው ራሱ አላስገባንም፤ ባትሪ ይፈነዳል ብሎ ነው፣ እውነቱን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ማናቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ አልገባቸውም እንጂ። ካርቶኑን በራይድ ይዘነው ተመለስን። የራይዱ ሹፌር ውስጡ ምን እንዳለ ቢያውቅ አይጭነንም ነበር። ፈቃድ ያላቸው ተቀባዮች ካሉ ስማቸውንና ቦታቸውን በአንድ ገጽ አውጡልን። በየክፍለ ከተማው አንዲት የብረት በርሜል ብትቀመጥ ደግሞ የኛ መንደር ጠጋኝ በሙሉ ይመጣል። ቆራሌዎቹንም አትርሷቸው። ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ቦርድ በኪሎ ከእነሱ የሚገዛ ሕጋዊ ማዕከል ከተገኘ ሽቦ ለማቃጠል ወንዝ ዳር የሚወርድ የለም።

ያ የማታ ፈረቃ ልጅ ቦርዱን አልወሰደውም። «ጋሼ፣ ምን አደርገዋለሁ፣ ላንተ ይሁን» ብሎኝ ሄደ። አሁን ግድግዳዬ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። ጀሪካኗ ውስጥ ስለማይገባ ነው እንጂ እስካሁን ሄዶ ነበር።

ጀሪካኗ ትናንት ሞልታለች። ቆራሌው ሐሙስ ይመጣል። ከሐሙስ በፊት የምትቀበሉበትን ቦታ ከነገራችሁኝ፣ ቦርዱንም ጀሪካኗንም ይዤ እመጣለሁ። የታክሲውን እኔ እችላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ሞባይል ጠጋኝ
አዲስ አበባ